ተማሪው መልሱን ራሱ የሚጽፍበት የኦንላይን ሒሳብ መልመጃ፦ ጅማ ላይ ምን ይሠራል?

ጠመኔ (ጅማ፣ አጂፕ ሰፈር)

ሰላም ለሁላችሁ። የ11ኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ለክፍሎቼ ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ በየሳምንቱ መልመጃ እለቃለሁ። የምጠቀመው የቴሌግራምን ኩዊዝ ቦት ነው። አራት ምርጫ አለ፣ አንዱን ይነኩታል፣ ትክክል ወይም ስህተት ይላቸዋል፣ አለቀ። ልጆቹ ይወዱታል። ውጤታቸውም ያምራል። ያንኑ ጥያቄ ቦርድ ላይ ያለ ምርጫ ስሰጣቸው ግን ጠመኔውን ይዘው ዝም ብለው ይቆማሉ።

ምክንያቱ ይገባኛል። x² − 5x + 6 = 0 የሚል ጥያቄ ከአራት ምርጫ ጋር ከሰጠሁ፣ ልጁ ፋክተራይዝ ማድረግ፣ ማለትም (x − 2)(x − 3) ብሎ መበተን፣ አያስፈልገውም። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እያስገባ ዜሮ የሚሰጠውን ይመርጣል። ይህም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፣ አልንቀውም። እኔ ማየት የፈለግሁት ግን ሌላውን ነበር።

ግምትም አለ። አሥር ጥያቄ፣ ለያንዳንዱ አራት ምርጫ ቢኖርና ተማሪው ምንም ሳያነብ ቢነካካ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ ስምንት ያህል ነው። ስልሳ ልጅ በሙሉ እንዲህ ቢገምት፣ አራት አምስቱ ግማሹን አግኝተው ያልፋሉ ማለት ነው። የትኞቹ እንደሆኑ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው። ተማሪው መልሱን ራሱ የሚጽፍበት፣ ስልኩም የሚያርምበት መንገድ የሞከረ ሰው አለ? እኛ ጋ መብራት ይሄዳል። ዳታ ውድ ነው። የራሱ ስልክ የሌለው ልጅ ብዙ ነው። ምክራችሁ እነዚህን ነገሮች ያገናዘበ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ኪቶ

መምህር፣ ጉግል ፎርም ለምን አይሞክሩም? አጭር መልስ የሚለውን መርጠው ትክክለኛውን መልስ አስቀድመው ካስገቡለት ራሱ ያርማል። ነፃ ነው፣ ስልክ ላይም ይከፈታል። የሁሉንም ውጤት በአንድ ሰንጠረዥ ያወጣልዎታል።

ጠመኔ

ኪቶ፣ አመሰግናለሁ። ፎርም የሚያርመው ግን ፊደል በፊደል እያስተያየ ነው። መልሱ 1/2 ነው ብዬ ካስገባሁ፣ 0.5 የጻፈው ልጅ ተሳስተሃል ይባላል። x = 3 ብሎ የጻፈውና 3 ብቻ የጻፈው አንድ አይደሉም። ተቀባይነት ያላቸውን መልሶች ደርድሮ ማስገባት ይቻላል፣ ለቁጥር ይሆናል። ለአልጀብራ ግን ማለቂያ የለውም። 2(x + 3)፣ 2x + 6፣ 6 + 2x... ስንቱን ልጻፍ? በትክክል ሠርቶ ቀይ ምልክት ያየ ልጅ ደግሞ ሞራሉ ይወድቃል። ሁለተኛ አይሞክርም።

ተፈታኟ

ሰላም መምህር። እኔ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። በግልጽ ልናገር። ማትሪክ በምርጫ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተኑ አሉ፣ እሱም ያው ምርጫ ነው። እኛ የሚያስፈልገን ብዙ የምርጫ ጥያቄ በፍጥነት መሥራት ነው። ጽፎ መመለስ ጊዜ ይበላል። ቅር እንዳይልዎት፣ ጓደኞቼም የሚሉት ይህንኑ ነው።

አዌቱ

ተፈታኟ፣ ፊት ለፊት ስለተናገርሽ ደስ ብሎኛል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ካልኩለስ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ፈተናውን አልፈው የመጡትን አገኛቸዋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ተፈታኝ ምርጫ ሳይለማመድ የገባ አይመስለኝም። ጥሩ የምርጫ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ምርጫዎቹን የሚጽፈው ተማሪ የት እንደሚሳሳት አስቦ ነው። ጥያቄው (x + 3)² ከሆነ x² + 9 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቅሻል። ቁጭ ብሎ ያምራልም። እዚያ ላይ የሚያድንሽ ራስሽ ሠርተሽ፣ መልስሽን ይዘሽ ወደ ምርጫው መሄድሽ ነው። ፍጥነቱም የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ጠመኔ ጥያቄ ልምጣ። የሚፈልጉት ነገር አለ። ስታክ ይባላል። በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ክሪስ ሳንግዊን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ሥራ ነው፣ ሰውየው አሁን ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ነፃ ነው፣ ሙድል በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መስጫ ፕሮግራም ላይ ተጭኖ ይሠራል። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኬንያ ውስጥ ማሴኖ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ብዙ ተማሪ ባለበት ኮርስ እየተጠቀመበት ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ከጀርባው ማክሲማ የሚባል አልጀብራ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ስለዚህ ፊደል አያስተያይም። የልጁን መልስ ከትክክለኛው መልስ ቀንሶ፣ አቅልሎ፣ ዜሮ መጣ ወይ ብሎ ያያል። 2(x + 3) ቢጻፍ፣ 6 + 2x ቢጻፍ ለሱ አንድ ነው።

ከዚህ በላይ የምወደው ግን ሌላው ጎኑ ነው። ጥያቄው «(x + 3)²ን ኤክስፓንድ አድርግ» ነው እንበል። መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ የተጻፈው ከ x² + 6x + 9 ጋር እኩል ነው ወይ? እኩል ቢሆንም ወዲያው ሙሉ ማርክ አይሰጥም። ልጁ (x + 3)² ብሎ ጥያቄውን ራሱን መልሶ ቢልክም እኩል ነውና! ስለዚህ ቀጥሎ ያያል፣ ቅንፉ ተፈትቷል ወይ? ካልተፈታ «እኩል መሆኑ ልክ ነው፣ ቅንፉን ግን ፍታው» ይለዋል። እኩል ካልሆነ ደግሞ በሌላኛው ቅርንጫፍ ይሄዳል። የጻፈው x² + 9 ነው? «መካከለኛው ተርም ቀርቷል፣ (x + 3)(x + 3) ብለህ ጻፍና አራቱንም አባዛ» ይለዋል። x² + 3x + 9 ነው? «3x ስንት ጊዜ ይመጣል?» ብሎ ይጠይቀዋል።

እነዚህን ቅርንጫፎች የምታዘጋጁት እናንተ ናችሁ። ፕሮግራሙ የአጂፕ ልጅ የት እንደሚሰናከል አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ።

ኪቶ

መምህርት አዌቱ፣ ስልክ ላይ መጻፉ አያስቸግርም? እኔ ራሴ በስልክ ስኩዌር ሩት መጻፍ ያቅተኛል።

አዌቱ

መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ አልደብቅም። ኃይልን በ ^ ይጽፋሉ፣ ማባዛትን በ *። 2x ለማለት 2*x። የመጀመሪያውን ሳምንት ማርክ የሌለው የመጻፍ ልምምድ ብቻ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያግዛል። ልጁ መልሱን ከማስገባቱ በፊት ስታክ የተረዳውን በመጽሐፍ አጻጻፍ ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። x^1/2 ብሎ ቢጽፍ፣ ከሥር x ለሁለት ሲካፈል ይታየዋል። «እኔ እኮ ስኩዌር ሩት ማለቴ ነበር» ይላል፣ ተመልሶ x^(1/2) ይጽፋል። ማርክ ሳይነካ። ያ ቅንፍ ለምን እንዳስፈለገ እኔ በቃል ከማስረዳው በላይ ያን ጊዜ ይገባዋል። ስለ ኦፕሬሽን ቅደም ተከተል እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር የቦርድ ማብራሪያ የለኝም።

ለተሳሳተ ሙከራ ሲጫን እንዳለ ከተተወ 10 በመቶ ይቀንሳል። ለመልመጃ ከሆነ ወደ ዜሮ አድርጉት። ልጁ ሳይፈራ ይሞክር።

ማንደራ

ለረጅም ዘመን ሒሳብ አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ቴሌቪዥኑ ያወራል፣ ልጁ ሳይገባው ያልፋል፣ እጅ ቢያወጣ የሚያየው የለም። እኛ በቀረችን ደቂቃ እንሯሯጥ ነበር። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ መጣ ሲባል የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ሲሳሳት ያየዋል ወይ?

መምህርት አዌቱ ያስረዱት ነገር ቢያንስ የመጨረሻዋን መስመር ያያል። መልካም ነው። ነገር ግን የሒሳብ አስተማሪ የሚያርመው አካሄዱን ነው። ልጁ ሦስተኛው መስመር ላይ ማይነሱን ይጥላል፣ አምስተኛው ላይ ሌላ ማይነስ ይጥላል፣ ሁለቱ ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ መልስ ላይ ይደርሳል። መሣሪያችሁ ሙሉ ይሰጠዋል። እኔ ደብተሩን ገልጬ አገኘዋለሁ።

አዌቱ

ጋሽ ማንደራ፣ ያነሱት ነገር ትልቅ ነው። ስታክ ላይ መስመር በመስመር የሚጻፍበት መንገድ አለ፣ እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ጋር እኩል መሆኑን ያያል። በስልክ ስድስት መስመር መጻፍ ግን ልጁን ያደክመዋል። እኔ የማደርገው ጥያቄውን መቆራረጥ ነው። መጀመሪያ ዲስክሪሚናንቱን (b² − 4acን) ጻፍ፣ ቀጥሎ እኩልታው ስንት ሩት፣ ማለትም ስንት የ x መልስ፣ እንዳለው፣ ከዚያ ሩቶቹን። ማይነሱ የወደቀበት ቦታ ይታወቃል።

ደብተሩ ግን አይቀርም። ኦንላይኑ የሚሠራልኝ ተደጋጋሚውን እርማት ነው። እሱ ከጫንቃዬ ሲወርድልኝ፣ ወረቀት ላይ የሠሩትን ጥቂት ረጃጅም ጥያቄ በእርጋታ አነባለሁ። ቀድሞ ሁሉንም ልይ ብዬ ሁሉንም በጨረፍታ ነበር የማየው።

ሒርማታ

መምህራን፣ በመሀል ልግባ። እኔ ወላጅ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ስልኩ አንድ ነው፣ እሱም የኔ ነው። ቀን ሱቅ ላይ እሠራበታለሁ። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ ነው ልጆቹ የሚያገኙት። ትልቁ ሲጨርስ ትንሿ ተኝታለች።

አንድ ጊዜ መልመጃ ማታ ሁለት ሰዓት ተልኮ ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ። ልጄ አለቀሰ። እባካችሁ ጊዜውን ሰፋ አድርጉት። ቪዲዮም ባትልኩ ጥሩ ነው፣ ፓኬጁን ይጨርሰዋል። በጽሑፍና በሥዕል ይሁን። ስልኬን ይዞ ሲቀመጥ ደግሞ ትምህርት ይሁን ጨዋታ የማውቅበት ነገር ብታደርጉልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ጠመኔ

እናቴ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን። ጊዜውን በተመለከተ ትክክል ነዎት። ከሐሙስ ማታ እስከ እሑድ ማታ ክፍት ይሆናል። የሰዓት ገደብ አይኖረውም። ልጅዎ ጥያቄዎቹን ቀን በደብተሩ ሠርቶ፣ ማታ መልሱን ብቻ ማስገባት እንዲችል በወረቀትም አባዝቼ እሰጣለሁ። ከስልክ በፊት ደብተሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ደብተሩ ላይ ሥራ ካለ ትምህርት ላይ ነው።

አጋሮ

የሰዓት ገደብ የማይኖረው መሆኑ ለሌላም ይጠቅማል። እኔ ያለሁት ከአጋሮ ወጣ ብሎ ነው፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። የሙድል አፕ ላይ ፈተናን አውርዶ ያለ ኔትወርክ መሥራት ይቻላል፣ በኋላ ኔትወርክ ሲገኝ መልሱን ይልካል። ይህ የሚሆነው ግን አስተማሪው አስቀድሞ ሲያስተካክለው ነው። ያለ ኔትወርክ መሥራት ይፈቀድ የሚለውን ማብራት አለበት፣ የሰዓት ገደብ መኖር የለበትም፣ እርማቱም የሚታየው ሁሉም ካለቀ በኋላ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። ልጆቼ ጎማ ቤቱ ጋ ኔትወርክ ሲያገኙ ያወርዳሉ፣ ቤታቸው ሄደው ይሠራሉ።

ችግሩ፣ ስታክ እንዲህ አይሆንም። ማክሲማ ያለው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ ያለ ግንኙነት አያርምም። ስለዚህ እኔ የምጠቀመው የቁጥር መልስ የሚጻፍበትን ተራ የሙድል ጥያቄ ነው። ልዩነት ወሰን ይሰጡታል፣ 3.33 የጻፈውንም 3.333 የጻፈውንም ይቀበላል። ጥያቄውን ትንሽ ማዞር ነው። ፋክተራይዝ አድርግ ከማለት፣ ትልቁ ሩት ስንት ነው? ዲስክሪሚናንቱ ስንት ነው? ግራፉ ዝቅተኛ የሚሆነው x ስንት ሲሆን ነው? ይህም ከምርጫ ሺህ ጊዜ ይሻላል፣ ምክንያቱም ልጁ ቁጥሩን ከየትም አያነሳውም።

ኪቶ

እዚህ ላይ እኔ ልርዳ። ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ካለው፣ እዚያ ለሚሠሩት ልጆች ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሙድል፣ ስታክና ማክሲማ ይጫናል። ከተራ ዋይፋይ ራውተር ጋር ይገናኛል። ልጆቹ በክፍሉ ኮምፒውተርም ሆነ በስልካቸው ዋይፋዩን ይይዙና ብሮውዘር ላይ አድራሻውን ይጽፋሉ። ዳታ አይቆጥርም። መብራት ከሄደ ሰርቨሩ ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ለጥቂት ጊዜ ይይዛል፣ ለራውተሩ ግን ትንሽ የኃይል መጠባበቂያ ያስፈልጋል። በክረምቱ መብረቅ ምክንያት ማከፋፈያውን ነቅላችሁ ሂዱ፣ አደራ። መረጃውንም በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

መምህር ጠመኔ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። እኔና አንድ ጓደኛዬ መጥተን እንጭንልዎታለን። ገንዘብ አንፈልግም።

ጠመኔ

ኪቶ፣ ተባረክ። ርእሰ መምህሩን አነጋግሬ ቁልፉን አስይዛለሁ።

ተፈታኟ

መምህርት አዌቱ፣ ያሉኝን አሰብኩበት። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አስተማሪዎች የምታውቁት አይመስለኝም ወይም ታውቃላችሁ። ፎቶማዝ የሚባል አፕ አለ። ካሜራውን ጥያቄው ላይ ትደቅኛለሽ፣ መልሱን ከነስቴፑ ያወጣል። ሌሎችም አሉ፣ በጽሑፍ ብትጠይቂያቸው የሚመልሱ። ኤክስፓንድ አድርግ የሚል ጥያቄ ቤት ከላካችሁ ግማሹ ክፍል በዚያ ነው የሚሠራው። መልሱን ራሱ ጻፈ ማለት ራሱ ሠራ ማለት አይደለም።

ማንደራ

ይህች ልጅ ከሁላችን በላይ ቁም ነገር ተናገረች።

አዌቱ

እውነት ነው። ሁለት ነገር ነው የማደርገው።

አንደኛው ቁጥሮቹን መለያየት ነው። ስታክ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ የ x² ፊት ያለው ቁጥር በዕጣ ዜሮ ከወጣ ጥያቄው ኳድራቲክ መሆኑ ይቀራል፣ ወይም ዲስክሪሚናንቱ ኔጌቲቭ ይሆንና ልጁ የማይመለስ ጥያቄ ይደርሰዋል። ስለዚህ የሚወጡትን ዓይነቶች አስቀድሜ አይቼ ደህና ደህናውን ብቻ እለቃለሁ። ይህ አፑን አያስቆምም። በልጆቹ መካከል ያለውን ወሬ ግን ይለውጠዋል። ቁጥሩ የተለያየ ስለሆነ «መልሱ ስንት ነው?» መባባሉ ጥቅም የለውም። «እንዴት ሠራሽው?» ነው የሚሆነው። እኔ ደግሞ የምፈልገው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ጥያቄውን መገልበጥ ነው። እኩልታ ሰጥቼ ሩቱን አምጣ አልልም። ሩቱን ሰጥቼ እኩልታውን አምጣ እላለሁ። ለምሳሌ፣ ግራፉ ወደ ታች የሚከፈት፣ የ x መስመርንም 2 ላይ ብቻ ነክቶ የሚመለስ አንድ ኳድራቲክ ፈንክሽን ጻፍ። መልሱ ብዙ ነው፣ ማለቂያ የለውም። አስተማሪ በእጁ ቢያርመው ቀኑን ይፈጃል። ስታክ ግን የልጁን መልስ ይወስድና 2ን ያስገባበታል፣ ዜሮ መጣ? ዴሪቬቲቩን (የግራፉን ተዳፋት የሚሰጠውን) አውጥቶ እንደገና 2ን ያስገባል፣ ዜሮ መጣ? የ x² ፊት ያለው ቁጥር ኔጌቲቭ ነው? ሦስቱም ከተሟሉ ይቀበላል። ስልሳ ልጅ ስልሳ የተለያየ ትክክለኛ መልስ ሊልክ ይችላል። ሃያው −7(x − 2)² ብለው ከላኩ ደግሞ አብረው እንደሠሩ ሳልጠይቅ አውቃለሁ። አፕ ይህንንም ሊመልስ ይችላል፣ ግን ልጆቹ ለዚህ ጥያቄ ወደ አፕ ከመሄድ ራሳቸው መሞከር ሲመርጡ አያለሁ። የራሳቸውን መልስ መፍጠር ደስ ይላቸዋል።

ለማርክ የሚያዘው ፈተና ግን ክፍል ውስጥ ነው። ቤት የሚሠራ ነገር ላይ ብዙ ማርክ አታስሩ።

ቦሳ

ስለ ግራፍ ከተነሳ ጂኦጀብራን ሳትነኩት እንዳታልፉ። የኦስትሪያው ማርኩስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 ሳልዝበርግ ለማስተርስ ጽሑፉ የጀመረው ነው። አፑ አንዴ ከወረደ ያለ ዳታ ይሠራል። እኔ ፕሮጀክተር የለኝም። ልጆቹን በአራት በአራት ከፍዬ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ነው።

y = ax² + bx + c ብዬ አስጽፋቸውና ለሦስቱም ስላይደር ይወጣል። a ግራፉን ያጠባል ያሰፋል፣ c ወደ ላይ ወደ ታች ይወስደዋል፣ እነዚህን ሁሉም ቶሎ ያውቋቸዋል። bን ስታንቀሳቅሱትስ? ሁሉም «ወደ ጎን ይሄዳል» ብለው ይገምታሉ። ከዚያ ሲያንቀሳቅሱት ግራፉ ወደ ጎን እየሄደ ይወርዳል። ቨርቴክሱን (የግራፉን ጫፍ) ትሬስ እንዲያደርግ፣ ማለትም ያለፈበትን ሁሉ በነጥብ እንዲያሳይ፣ አዝዤ bን ከማይነስ 5 እስከ 5 አስኬዳለሁ። ነጥቦቹ ሌላ ፓራቦላ ይሠራሉ፣ የተገለበጠ! ክፍሉ ይንጫጫል። a 1 ሲሆንና c ዜሮ ሲሆን ያ የተገለበጠው y = −x² ነው። በጥቅሉ y = −ax² + c። ለምን እንደሆነ አሳዩኝ ስላቸው −b/2a የምትለዋ ፎርሙላ፣ ሲሸመድዷት የከረሙት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ታገኛለች። ሸምዳጁም ሆነ ፈዛዛ የሚባለው ልጅ እኩል ነው የሚጓጓው።

እንዲህ ያለውን በስልክ ካሳዩ በኋላ ነው መልመጃ የሚላከው። መልመጃው ብቻውን ከሆነ ፈተና ማብዛት ነው።

ሊሙ

ስለ ቋንቋ ማንም አላነሳም። የኛ ልጆች እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ላይ ሒሳቡ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጥባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሒሳቡ ላይ ሳይሆን ጥያቄውን ማንበቡ ላይ ነው። መምህርት አዌቱ ያሉት ሲሳሳት የሚወጣው መልእክት፣ በየትኛው ቋንቋ ነው?

አዌቱ

ሊሙ፣ መልእክቱን የሚጽፈው አስተማሪው ስለሆነ በፈለጋችሁት ቋንቋ ነው። ጥያቄው እንደ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሁን፣ እርዳታው በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይሁን። እኔ ለአንዳንድ ጥያቄ ሁለቱንም ከላይና ከታች እጽፋለሁ። አፋን ኦሮሞውን የሚያይልኝ ባልደረባ አለኝ። እርስዎ ጥሩ ጥሩውን ብትጽፉልን ሁላችንም እንጠቀምበታለን። የስታክ ጥያቄ በፋይል ወጥቶ ከአንዱ ሙድል ወደ ሌላው ይሄዳል፣ አንድ ሰው የደከመበትን ሌላው ቁጭ ብሎ እንደገና መሥራት የለበትም።

ሊሙ

ደስ ይለኛል። የኳድራቲክ ምዕራፉን ላኩልኝ፣ ከዚያ እጀምራለሁ።

ጠመኔ

እንግዲህ እንዲህ ላድርግ። ኪቶ ቅዳሜ ይጭናል። የመጀመሪያው መልመጃ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይኖራል፣ የምርጫ አንድም የለም። አንዱ የአጋሮ ዓይነት፣ ቁጥር የሚጻፍበት። አንዱ ያ የ(x + 3)² ጥያቄ ከነቅርንጫፎቹ፣ የማስተካከያ መልእክቶቹን ሊሙ ያያቸዋል። አንዱ ደግሞ መምህርት አዌቱ የገለበጡት፣ ልጁ እኩልታውን ራሱ የሚፈጥርበት ጥያቄ። ሐሙስ ማታ ይከፈታል። ስልክ የሌላቸው ልጆች ዓርብ ከትምህርት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ይሠራሉ፣ እኔ አብሬአቸው እቆያለሁ።

ጋሽ ማንደራ፣ ጊዜ ካለዎት ዓርብ ብቅ ቢሉልን። ልጆቹ ደብተር ላይ ሲሠሩ ዓይንዎ ያስፈልገናል።

ማንደራ

እመጣለሁ።

ተፈታኟ

መምህርት አዌቱ የጻፉትን ጥያቄ በደብተሬ ሞከርኩት። መልሴ −5(x − 2)² ነው። መጀመሪያ −(x − 2)(x + 2) ጽፌ ነበር፣ እሱ ግን ማይነስ 2 ላይም ይቆርጣል። ከዚያ 2 ላይ ነክቶ ከተመለሰ ሁለቱም ፋክተሮች አንድ መሆን አለባቸው ብዬ አስተካከልኩት።

ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ግራፉ በተጨማሪ በ(0፣ 4) እንዲያልፍ ብፈልግስ? ማይነሱን የፈለግሁትን ቁጥር ባደርገውም አልመጣልኝም።

ቦሳ

ጂኦጀብራ ላይ −k(x − 2)² ብለሽ ጻፊና የ k ስላይደር ከዜሮ በላይ አድርገሽ አንቀሳቅሺው። ግራፉ የ y መስመርን የሚቆርጥበትን ነጥብ ተከታተዪ። መቼም ከዜሮ በላይ ወጣ?

ተፈታኟ

አይወጣም! x ዜሮ ሲሆን −4k ነው የሚሆነው። k ፖዘቲቭ ስለሆነ ሁልጊዜ ከታች ነው። ወደ ታች ተከፍቶ መስመሩን ነክቶ የሚመለስ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ በታች ነው ማለት ነው። ስለዚህ አይቻልም።

ጠመኔ

ይህን ጥያቄሽን በሚቀጥለው ሳምንት መልመጃ ላይ አስገባዋለሁ። ኪቶ፣ ልጁ እኩልታ እንዲጽፍ ወይም «አይቻልም» ብሎ እንዲመልስ ሁለቱም ቦታ ይኑረው። «አይቻልም» ካለ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍበት ሳጥን ጨምርልኝ። እሱን እኔ ራሴ አነበዋለሁ።